አጭር ጸጉር በካውያ ከርል ማድረግ፦ እስካሁን የደረስኩበት

ጸጉሬን ካሳጠርኩ ወዲህ ከርል ለሳሎን የተተወ ነገር ሆኖብኝ ነበር። አሁን ቤቴ፣ መስታወት ፊት ቆሜ ራሴው እሠራዋለሁ። ገና ብዙ ይቀረኛል፤ ግን እንደኔ ጸጉሯ አጭር የሆነች ትጠቀምበት ይሆናል።

ሰው ሁሉ ስለ ሙቀት ነው የሚያወራው። አጭር ጸጉር ላይ ግን መጀመሪያ የሚታየው የብረቱ ውፍረት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውፍረቱን በ3.14 ስታበዙት አንድ ዙር ስንት ጸጉር እንደሚፈጅ ይነግራችኋል። 25 ሚሊሜትር የሆነው ካውያ ለአንድ ዙር 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይበላል። የኔ ጸጉር አናቴ ላይ ተስቦ 10 ሴንቲሜትር ነው። ስለዚህ አንዴ ዞሮ ያልቃል፤ ጫፉ ይታጠፋል እንጂ ከርል አይሆንም። 13 ሚሊሜትሩ ላይ ያው ጸጉር ሁለት ዙር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ለውጡን ያየሁት በሱ ነው። ለስለስ ያለ ሞገድ ለምትፈልግ 19ኙ ይበቃታል።

ማጅራቴ ላይ ያለው 5 ሴንቲሜትር ቢሞላ ነው። እሱን ትቼዋለሁ። ቆዳ ከማቃጠል ሌላ ትርፍ የለውም፤ ከላይ ያለው ይሸፍነዋል።

ጸጉሬ በተፈጥሮው ጥቅልል ስለሆነ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በፎን ስቤ ነው የምጀምረው። እርጥብ ጸጉር ካውያ አይነካውም። ውስጡ የቀረው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሲሆን ጸጉሩን ከውስጥ ይጎዳዋል። ከሙቀት የሚከላከለውን ስፕሬይም ነፍቼ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ሙቀቱን 160 ዲግሪ አካባቢ አደርገዋለሁ። ቀጭን ጸጉር ያላት ከዚያም ዝቅ ብትል ይሻላታል። ማበጠሪያ በብረቱና በቆዳዬ መሃል አስገባለሁ፤ ጆሮ አካባቢ በተለይ ያለሱ አልሞክርም። የግንባሩን ከፊቴ ወደ ውጭ፣ የአናቱን አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አዞራለሁ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከዞረ ቢጎዲን ገና እንደወጣለት ጸጉር ይሆናል።

ሌላው ትልቅ ነገር ማቀዝቀዝ ነው። ሙቀት ጸጉር ውስጥ ያለውን ደካማ ትስስር ይፈታል፤ አዲሱን ቅርጽ ይዞ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነው። ስለዚህ ከብረቱ ሳወጣው አልለቀውም። እንደተጠቀለለ በክሊፕ ይዤ ሌላውን እቀጥላለሁ። ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ በጣቴ ብቻ ፈታ አደርገዋለሁ፤ ማበጠሪያ የለም። እርጥበትም ያንኑ ትስስር ይፈታዋል። ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ የታክሲ ሰልፍ ሳያልቅ ከርሉ የሚያልቀው! ክረምቱን በሻሽ ነው የማልፈው፣ አልዋሽም።

ከአሜሪካ ካውያ ለሚላክላችሁ አንድ ነገር ልበል። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። እጀታው ወይም ገመዱ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሌለ እንዳትሰኩት። የሶኬት ማገናኛ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

አሁን የቸገረኝ ከኋላ የግራው ጎን ነው። ቀኝ እጄ አይደርስም፣ ግራዬ አይታዘዝም። ሰሞኑን ካውያውን ሳልሰካ፣ በቀዝቃዛው ግራ እጄን እያለማመድኩ ነው። መያዝና ማዞር ለምዷል፤ ጫፉን ሳያመልጠው መልቀቅ ገና ነው።