አንቀጽ 36ን ያስነበበችኝ ልጅ

ሲቪክስ ሳስተምር አርጩሜ እይዝ ነበር። እሱን ደብቄ ሌላውን ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

ቦታው ከደብረ ማርቆስ ብዙም የማትርቅ የወረዳ ከተማ ነው፤ ጊዜው ሰላም የነበረበት፣ ትምህርት ቤት በየመስከረሙ ያለ ሥጋት የሚከፈትበት። 9ኛ ክፍል አንዱ ሴክሽን ከ60 በላይ ልጅ ይይዛል። አብዛኞቹ የገጠር ልጆች ናቸው፤ ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው፣ እሑድ እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው እየመጡ የሚማሩ።

የዚያን ጊዜው መጽሐፍ 11 ምዕራፍ ነበረው። የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር ወዳድነት፣ ቁጠባ እያለ እውቀትን መሻት ላይ ያበቃል። እነዚሁ 11 እሴቶች በየዓመቱ ስለሚመላለሱ ልጆቹ እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ችግሩ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። ትርጓሜውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ፣ ስጠይቃቸው በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፣ ደወል ይደወላል። ምን እንዳሉ ግን እነሱም እኔም አናውቅም።

አንድ ቀን ሕገ መንግሥቱን ሳገላብጥ የመጨረሻው አንቀጽ፣ 106፣ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው እንደሚል አስተዋልኩ። ታዲያ እኛ የምንንተባተበው ለምንድን ነው? ምዕራፍ ሦስትን፣ ማለትም ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለውን፣ በአማርኛ ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ለየዴስኩ አንዳንድ አደልኩ። የራሴን ገመድ የፈተልኩት ያን ቀን ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ዴስክ ተሰብሮ አገኘሁ። ማን ሰበረው? ዝም። ሁሉንም አንበረከክኳቸው። ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ፣ እንደተንበረከከች፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጥያቄ አለኝ። አንቀጽ 36 ‹ሕፃን› የሚለው እኛንም ይጨምራል?»

አንቀጹ ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ላይ ከሚፈጸም ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። ዕድሜዋ ከ18 በታች መሆኑን እያወቅሁ ምን ልበል? ጆሮዬ ጋለ። «ተነሡ» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ሲነሡ ከመካከላቸው አንዱ «ይሄማ አውጫጭኝ ነው» ብሎ አጉረመረመ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ያቺን ቃል ያዝኩ። ለቅዳሜና እሑድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ አያታችሁን ስለ አውጫጭኝ ጠይቁ። ሰኞ የመጣው ወሬ ከመጽሐፉ 11 ምዕራፍ ይበልጥ ነበር። ሌባው ካልታወቀ አገሬው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ በምስጢር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል፤ ወፏ እስክትናገር ወደ ቤት መሄድ የለም።

ይህን ይዘን ችሎት አቆምን። ጎጃም ውስጥ ልጅን መሟገት ማስተማር አያስፈልግም፤ ቦታ መስጠት ብቻ ነው። ጭብጡ «ባልታወቀ ጥፋተኛ ሁሉም ይቀጣ ወይስ አይቀጣ?» የሚል ነበር። አንዱ ወገን አንቀጽ 20ን፣ ተከሳሽ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል የሚለውን ይዞ ቆመ። ሌላው «በፍትሕ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍትሕ የሄደች ጭብጦዬ» ብሎ ጀመረና ተረቱን ለተበዳዩ አዞረው፤ ዴስክ ለተሰበረበት ልጅስ ማን ይፍረድለት? ድምፅ ሲሰጥ ያሸነፈው «ሁሉም ይቀጣ» የሚለው ሆነ። ደነገጥኩ። «ተሳስታችኋል» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በኋላ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት ካደረግኩት ሁሉ ጥሩው ነገር ይሄ ዝምታ ይመስለኛል፤ ክርክሩ እስከ ሰኔ አላባራም።

አስተማሪዎች ቢሮ ግን አልተወደድኩም። «ክፍልህ ጠበቃ በዛበት» ይሉኝ ነበር። የወላጅ ስብሰባ ላይም አንድ አባት ተነሥተው፣ መብት የሚባለው የፈረንጅ ነገር ልጅ አባቱን እንዳይፈራ አደረገብን አሉ። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ሲጸድቅ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች ብዬ መለስኩላቸው። እውነት ነው፤ ግን ምንም አልገባላቸውም። ቆይቼ «አባቴ፣ ጉልበተኛ ተነሥቶ ድንበርዎን ቢገፋብዎ ምን ይሉታል?» አልኳቸው። «ግፍ ነዋ!» ከዚያ በኋላ ወላጅ ፊት «ሰብአዊ መብት» ብዬ አልጀምርም፤ በግፍ እጀምራለሁ።

የማይረሳኝ ጥፋት ሌላ ነው። አንድ ጥር ላይ፣ የሠርግ ወቅት፣ አንዲት ተማሪዬ ልትዳር መሆኑን ሰማሁ። በጣም ተቆርቋሪ ሆኜ ክፍል ገባሁና፣ የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፣ ከመካከላችን ግን ሳይሞላት ልትዳር የተዘጋጀች አለች አልኩ። ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገም፤ 60 አንገት ወደ አንድ ዴስክ ዞረ። ሰኞ አልመጣችም። ከዚያም አልመጣችም።

በሚቀጥለው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ሲገጥመኝ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም። መጀመሪያ አንዲት ሴት መምህርት ልጅቷን ለብቻዋ አነጋገረቻት፤ ምን እንደምትፈልግ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ከዚያ የአባትየውን የነፍስ አባት ፈለግን። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙንና «ጠላው ተጠምቋል?» ብለው ጠየቁ። ገና ነው አልናቸው። «እንግዲያው ይቻላል» አሉ።

ሠርጉ ቀረ አልተባለም፤ ለከርሞ ይሁን ተባለ። ልጅቷ 10ኛን ጨረሰች።