በሎሚ የበሰለ ዓሣ፦ የሁዋ ሂን ማስታወሻ

ብዙ የአገራችን ሰው ባንኮክን የሚያውቃት በሕክምና ምክንያት ነው፤ እኛም የሄድነው ለዚሁ ነበር። የታላቅ እህቴ ምርመራ በሦስት ቀን አልቆ ሐኪሟ ከሳምንት በኋላ ለውጤት ሲቀጥራት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ በሐሳብ ከመብሰልሰል ባሕር ዳር ወርዶ መሰንበት ይሻላል ብለን፣ ከባንኮክ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሁዋ ሂን በባቡር ተጓዝን።

ሁዋ ሂን ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። የደቡቡ የባቡር ሐዲድ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲደርስላት የባንኮክ መኳንንት መዝናኛ ሆነች፤ የታይላንዱ ንጉሥ ፕራጃዲፖክም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የበጋ ቤተ መንግሥታቸውን እዚያ አሠርተው ክላይ ካንግዎን፣ «ከጭንቀት የራቀ» ብለው ሰየሙት። እህቴ የስሙን ትርጉም ስትሰማ ሁለት ጊዜ ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ሆቴሎቹ ቢበዙም አጥማጆቹ ከተማዋን አልለቀቁም። ማታ ከዳርቻው ቆመው ወደ ባሕሩ ሲመለከቱ፣ ስኩዊድ የሚባለው ባለ ብዙ እግር የባሕር እንስሳ ወደ ብርሃን ስለሚሳብ ጀልባዎቹ የሚያበሩት አረንጓዴ መብራት በአድማሱ ላይ ተደርድሮ ይታያል።

እህቴ ሥርዓቷን አጥብቃ የምትይዝ ኦርቶዶክሳዊት ናት። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እንደተደነገገው በውኃ ውስጥ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት ያላቸውን ብቻ ትበላለች፤ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ስኩዊድና በዛጎል ውስጥ የሚኖር ሁሉ ለእሷ ምግብ አይደለም። እኔ በዚያው ቤት ባድግም ሥራዬ ባሕር ባለበት አገር ስላዞረኝ ሁሉንም ቀምሻለሁ። «እትዬ፣ የምትበዪው እንዳናጣ እፈራለሁ» አልኋት ባቡሩ ውስጥ። «ዓሣ ካለ ምን ቸገረኝ? አንተ ብቻ በደንብ ጠይቅልኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ማታ ግን በደንብ አልጠየቅሁም። በዴቻኑቺት መንገድ ላይ በሚዘረጋው የማታ ገበያ፣ በየምግብ ቤቱ ደጅ በረዶ ተከምሮ በላዩ ከመዳፍ የሚተርፉ ሽሪምፖች፣ በገመድ የታሰሩ ሸርጣኖችና ገና የሚያብረቀርቁ ዓሦች ተደርድረዋል። በልተኛው የፈለገውን በጣቱ ያመለክታል፣ ይመዘንለታል፣ ከዚያም በከሰል ይጠበስ ወይም በእንፋሎት ይብሰል ብሎ ያዝዛል። እኛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ የኪሎ መስሎን ነበር። ታይላንዶች ግን 100 ግራሙን ኪት ይሉታል፤ የባሕር ምግብም ብዙ ጊዜ በኪት ይሸጣል። ሂሳቡ ከገመትነው እጅግ በልጦ ሲመጣ አስተናጋጁ ከቁጥሩ አጠገብ ያለችውን የታይኛ ቃል አሳየን፤ በእንግሊዝኛው ላይ ግን መለኪያው ጭራሽ አልተጻፈም። እንግዳን እንዲህ ማስተናገድ ተገቢ አይደለምና በጣም ቅር ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ «በኪሎ ነው በኪት?» ሳልል ምንም ነገር ሚዛን ላይ አላስወጣሁም።

በማግሥቱ በናሬትዳምሪ መንገድ፣ በባሕሩ ላይ በምሰሶ ከቆሙት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባን። ከወለሉ ሳንቃ ሥር ማዕበሉ ሲመታ ይሰማል። መቀመጫ ሳንይዝ በቀጥታ ወደ በረዶው ሄድን። ካፖንግ የሚሉትን፣ ነጭ ሥጋ ያለውን ዓሣ አንሥቼ ዓይኑ ጥርት ያለና ወደ ውስጥ ያልጎደጎደ፣ የጉንጩም ክዳን ሲገለጥ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ መሆኑን አየሁ። እህቴ በበኩሏ ጎኑን በጥፍሯ ከጅራቱ ወደ ራሱ ፋቅ አደረገችው፤ ቅርፊቱ ብድግ ብድግ ሲል «ይኸው ነው» አለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ የእህቴን ሁኔታ አይተው ፈገግ አሉና ዓሣውን ራሳቸው ይዘው ወደ ማድ ቤት ገቡ።

ምግቡ ፕላ ካፖንግ ኑንግ ማናው ይባላል፤ በእንፋሎት በስሎ በሎሚ የተዘጋጀ ካፖንግ ማለት ነው። የቀረበልን የዓሣ ቅርጽ ባለው የቆርቆሮ ትሪ ላይ ሲሆን ከሥሩ ትንሽ እሳት ይነድዳል። መረቁ የሎሚ ጭማቂ፣ ናም ፕላ የሚሉት ከትንንሽ ዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚወጣ ፈሳሽ፣ በደቃቁ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣን የሚያስታውስ ትንሽ ቃሪያ፣ ጥቂት ስኳርና የድንብላል ቅጠል ነው። ሎሚው ከዓሣው ጋር አይቀቀልም፤ ዓሣው በስሎ ከወጣ በኋላ ነው የሚፈስበት፤ ሽታው ከትሪው ላይ ተነሥቶ ከሩቅ የሚጠራውም በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ ቤት ዓሣ ሲባል እስኪደርቅ የተጠበሰ ወይም ጉላሽ ነውና፣ በማንኪያ ጫፍ ሲነኩት ንጣፍ በንጣፍ የሚለያይ፣ ውስጡ ገና ውኃ የቋጠረ ዓሣ ለእህቴ አዲስ ነገር ሆነባት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ መረቁን በማንኪያ ቀድታ ሩዟ ላይ አፈሰሰች። ከሆስፒታሉ ወዲህ ደስ ብሏት ስትበላ ያየኋት ያን ዕለት ነው።

አበላሉም ለእኛ እንግዳ አልሆነብንም። ሹካው በግራ እጅ ሆኖ ምግቡን ይገፋል፣ በቀኝ ያለው ማንኪያ ይቀበላል፤ ወጥ የሚሆነው ሁሉ መሐል ተቀምጦ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ወደ ሩዙ ያመጣል። አንድ ትሪ ከብቦ ላደገ ሰው ይህ ቤቱ ነው።

እኔ በየዕለቱ አንድ ነገር ለብቻዬ አዝዝ ነበር። ፑ ፓት ፖንግ ካሪ የሚባለው፣ ሸርጣን ከእንቁላልና ከካሪ ዱቄት ጋር የሚሠራበት፣ መረቁ ከሥጋው ይበልጥ የሚጣፍጥ ምግብ ነው። ቶም ያም ኩንግ ደግሞ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የሽሪምፕ ሾርባ ነው፤ ጎድጓዳው ሳህን ሲቀርብ እህቴ ከወዲያ ማዶ «ጠጅ ሣር!» አለች። እውነትም ጠጅ ሣር ነበር፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ እነሱ ሾርባ የሚያሸቱበት።

ለእህቴ የሚያስቸግረው በዓይን የሚታየው ሽሪምፕ አልነበረም። ሶም ታም በሚሉት የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ ይወቀጣል፤ በብዙ የካሪ ቅመም ውስጥ ካፒ የሚሉት የሽሪምፕ ድልህ አለበት፤ የተጠበሰ ጎመን እንኳ በዛጎል ውስጥ ከሚኖር የባሕር እንስሳ የሚሠራው የኦይስተር ሶስ ሊፈስበት ይችላል። ይህን ሁሉ በየምግብ ቤቱ አንድ በአንድ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጠይቄም የተቆጣኝ ወይም የሰለቸኝ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በቢጫ ላይ በቀይ ቀለም «ጄ» ተብሎ የተጻፈበትን ባንዲራ ፈለግን። ጄ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የሌለበት፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት ምግብ ነው፤ ጾመኛ ተጓዥ ይህችን ፊደል ቢያውቃት አይራብም።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከከተማው በስተደቡብ ወዳለችው ወደ ካው ታኪያብ የአጥማጆች መንደር ሄድን። ሴቶች በሽቦ መረብ ላይ ስኩዊድ ለፀሐይ እየዘረጉ ነበር። «የአንድ ፀሐይ» ይሉታል፤ አንድ ቀን ብቻ ተሰጥቶ፣ ውጪው ደርቆ ውስጡ ሳይደርቅ ይነሣና በከሰል ይጠበሳል። እህቴ አልቀመሰችውም፤ ግን መረቡ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ቆማ አሰጣጡን ካየች በኋላ «ቋንጣ አያያዝ ያውቃሉ» አለችኝ።

የምርመራው ውጤት ደግ ሆኖ አዲስ አበባ ከገባን ወር ሳይሞላ፣ እህቴ ከዝዋይ የመጣ ቆሮሶ ገዝታ ጠራችኝ። በሻንጣዋ ያመጣችው የናም ፕላ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዓሣውን በድስት ላይ በእንፋሎት አብስላ ካወጣች በኋላ ሎሚውን ጨመቀችበት፤ ከዚያም ለጉልቱ ባለቤት ድንብላሉን ሥሩን ሳይቆርጡ እንዲያመጡላት ማዘዟን እየነገረችኝ ሥሩን አጥባ መውቀጥ ጀመረች።