ሱሺ በእጅ፦ ከስድስት ወር ትግል በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ዘጠኝ ሳህን ሱሺ፣ ማለትም ከላይ ዓሣ የተደረገበት የሩዝ ጉርሻ፣ በላሁ። አንዱም ሶያ ሶስ ውስጥ አልፈረሰብኝም። ስድስት ወር የታገልኩበት ነገር ስለሆነ ደስታዬን ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ለእናንተም ልጻፈው አልኩ።

ለትምህርት ኦሳካ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሱሺው በመስመር እየዞረ የሚመጣባቸው ቤቶች፣ ጃፓኖቹ ካይተንዙሺ የሚሏቸው፣ የተማሪ ኪስ የሚችላቸው ናቸው። ርካሹ ሳህን ከ100 የን ትንሽ ከፍ ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍሬ ይኖረዋል። ነገሩ የተጀመረውም እዚሁ አካባቢ ነው። ዮሺያኪ ሺራይሺ የሚባል የሱሺ ቤት ባለቤት ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በመስመር ሲጓዙ አይቶ ሐሳቡ መጣለት። እ.ኤ.አ. በ1958 ዛሬ ሂጋሺኦሳካ በምትባለው ከተማ የመጀመሪያውን ቤት ከፈተ። መስመሩ በሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲጓዝ ነበር የመረጠው። ተቀምጣችሁ ስታዩት ልኩን ማግኘቱ ይገባችኋል። ሳህኑን ሳትጣደፉ ታነሳላችሁ፣ የሚቀጥለውን ስትጠብቁም አይሰለቻችሁም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ቶሎ ልለፋቸው። ቁርጥና ጥሬ ክትፎ እየበላ ያደገ ሰው ጥሬ ዓሣ ብዙም አያስፈራውም። እኔን ያስቸገረኝ ልስላሴው ነበር፤ እሱንም በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ ማባያም ሰናፍጭ ለሚያውቅ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ሚጥሚጣ ምላስ ላይ አይቆይም፣ ቀጥ ብሎ ወደ አፍንጫ ነው የሚወጣው። ስክሪኑ ላይ ማዘዝ የቻልኩት ስሞቹን በቃሌ ይዤ ነው፤ ማጉሮ ቱና ነው፣ ኤቢ ሽሪምፕ፣ ታማጎ እንቁላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገራችሁ። ጠረጴዛው ላይ መግፊያ ያለው ትንሽ ቧንቧ አለ። እኛ ከምግብ በፊት እጃችንን የምንታጠብ ሰዎች ስለሆንን የእጅ መታጠቢያ መሰለኝ። የሚወጣው የፈላ ውሃ ነው፤ ለሻይ የተዘጋጀ። ሁለት ጣቴ ተቃጥሎ ሳምንት ታሞብኛል። ኩባያውን አስጠግታችሁ፣ የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት ጨምራችሁ፣ ከዚያ ግፉት። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከቧንቧው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣዬ ልምጣ። ቾፕስቲክ፣ ያ ምግብ የሚነሳበት ጥንድ እንጨት!

ቤት ቁጭ ብዬ ምስር እየለቀምኩ ተለማምጃለሁ። አንድ በአንድ፣ ከሳህን ወደ ሳህን። ምስሩን ቻልኩት፤ ሱሺው ግን እምቢ አለኝ። ከላይ ጨበጥ አድርጌ አነሳዋለሁ፣ በሩዙ በኩል ሶያ ሶስ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ሩዙ ሶሱን ይመጥና ይበተናል። ዓሣው ቾፕስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ሩዙ ከታች። ከጓደኞቼ ጋር ስሆን አፍሬ ቶሎ ቶሎ በማንኪያ የሻይ ቅጠል እንደሚለቅም ሰው እለቅመዋለሁ። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ስለ ጣት አያያዝ ነበር የሚያስተምሩት። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የጣቴ መስሎኝ አራት ወር ጣቴን ስቀጣ ከረምኩ።

ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። የሱሺ ሩዝ ሲጀመር በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተቀመመ ነው፤ ሶስ አያስፈልገውም። ሶሱን ማግኘት ያለበት ዓሣው ነው። ሩዙም አፍ ውስጥ እንዲፈታ ላላ ተደርጎ ነው የሚጠቀጠቀው፤ በነዚህ ቤቶች ያንን የሚሠራው ማሽን ነው። ላላ ያለ ሩዝ እየነከርኩ ፈረሰብኝ ማለቴ አግባብ አልነበረም።

ይህን የገለጡልኝ ባንኮኒው ላይ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። አላስተማሩኝም፤ በእጃቸው ሲበሉ አየኋቸው እንጂ። በእጅ! ቤት ሄጄ ሳነብ ይኼ ዓይነቱ ሱሺ በ1800ዎቹ ቶኪዮ ገና ኤዶ ስትባል በመንገድ ዳር የሚሸጥ፣ ሰው ቆሞ በእጁ የሚበላው ምግብ እንደነበር ተረዳሁ። ዛሬም በእጅ መብላት ነውር አይደለም። እንጀራ ቆርሶ ሲጠቀልል ላደገ እጅ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

እንዲህ ነው የማደርገው። በእርጥቡ መጥረጊያ እጄን አጸዳለሁ። ሱሺውን ወደ ጎን ጋደም አደርገዋለሁ። በአውራ ጣቴና በመሐል ጣቴ ጎንና ጎኑን፣ በሌባ ጣቴ ዓሣውን እይዛለሁ። ገልበጥ አድርጌ የዓሣውን ጫፍ ብቻ ሶሱን አስነካዋለሁ፣ ከዚያ ሙሉውን ወደ አፌ። ጉርሻ ለሁለት ተነክሶ እንደማይበላ ሁሉ ሱሺም አይነከስም። ኖሪ በሚባለው የደረቀ የባሕር አረም የተከበበውንና የዓሣ እንቁላል የሞላበትን ግን አትገልብጡት፣ ይፈስባችኋል። ለእሱ አንድ ቅጠል የኮመጠጠ ዝንጅብል ሶሱን ነክራችሁ እንደ ብሩሽ ከላይ ቀቡት። እኔ ካወቅኳቸው ዘዴዎች በጣም የምወደው ይኼን ነው።

ስለ ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ነጭ ዓሣ አስቀድሙ፣ የሰባውን መጨረሻ ላይ ብሉ ይላል። ምክሩ ልክ ነው። እኔ ግን ርቦኝ ስገባ ሳልሞን ነው የማዝዘው፤ እሱም ቢሆን በጥሬው እዚህ የተለመደው ኖርዌዮች በ1980ዎቹ ገበያውን ካስፋፉት ወዲህ ነው። ከሚዞረው ይልቅ በስክሪን ማዘዝን እመርጣለሁ፤ ትኩስ ይመጣል። በ2023 መጀመሪያ አንዳንድ ደንበኞች የሶስ ጠርሙስና ኩባያ ሲልሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ ወዲህ ብዙ ቤቶች ማዞሩን ትተው የታዘዘውን ብቻ በመስመሩ መላክ ጀምረዋል። ለጀማሪ ግን ያሳዝነኛል፤ እኔ ስሙን የማላውቀውን ሁሉ የቀመስኩት ሲያልፍ አይቼ ነው።

ጾም ላይ ገና አልተሳካልኝም። ዓሣ ስለማልበላ ወደ ካፓማኪ፣ ማለትም ወደ ኪያር ጥቅልል፣ እና ወደ ኢናሪ ዞሬ ነበር። ኢናሪ ከአኩሪ አተር በሚሠራ ጣፋጭ ቶፉ የተሸፈነ ሩዝ ነው። አንድ ሙሉ ጾም ከበላሁት በኋላ ቶፉው ብዙውን ጊዜ የሚቀቀለው በዓሣ መረቅ መሆኑን ሰማሁ፤ ሳላጣራ በመብላቴ አዝኛለሁ። አሁን ኪያሩ ላይ ነኝ። ናቶ የሚባለውን የቦካ አኩሪ አተር ጥቅልልም፣ የዓሣ መረቅ ሊኖርበት የሚችለው ሶሱ እንዲቀርልኝ እየጠየቅኩ ሦስት ጊዜ አዝዣለሁ፤ ሁለቱን ጨርሻለሁ።