ለጉራቻ የት ነው?

መታወቂያዬ ላይ የትውልድ ቦታ የሚለው ጋ ፓዌ ይልና ከዛ መንደር ተብሎ ቁጥር ነው ያለው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው መተከል የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆች ይሄን ያውቁታል፣ ያኔ በየአቅጣጫው ከተወሰደው ወደ 600 ሺህ ሰው ውስጥ የኛም ቤት አለበት፣ አያቴ አራት ልጆች ይዛ፣ አባቴ የ9 ዓመት ልጅ። መሬቱ ግን ስም አጥቶ አይደለም ቁጥር የተሰጠው፣ ጉሙዞች ለየወንዙና ለየኮረብታው የራሳቸው ስም ነበራቸው፣ ቁጥሩ የነሱንም ነው የሸፈነው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይከብደኛል።

አያቴን "አገርሽ የት ነው" ካላችኋት ወሎ አትልም። "ለጉራቻ፣ ከሰኞ ገበያ ወረድ ብሎ" ነው መልሷ። አባቴ ያስቀመጠው አሮጌ ወረቀት ደግሞ ወረሂመኖ አውራጃ ይላል፣ በቃ ሌላ ነገር የለውም።

አውራጃ የሚባለው ነገር ከቀረ ቆይቷል፣ ስልክ ላይ ብትፈልጉት ወረሂመኖ ብሎ የሚያሳያችሁ ወረዳ የለም። ሰኞ ገበያ ደግሞ አገሩ ሁሉ ሰኞ ገበያ ነው፣ ገበያ በዋለበት ቀን ነው የሚጠራው። ለጉራቻን ጎግል ማፕ ላይ በስንት አጻጻፍ ሞከርኩት፣ ምንም። አባቴ ጉራቻ የድሮ ባለመሬት ስም ነው ብሎ ነው ያደገው፣ እኔም እሱን ይዤ ሁለት ዓመት ሰው ስፈልግ ከረምኩ።

የፈታው የነቀምቴ ልጅ የሆነ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ጮክ ብዬ ስለው ወዲያው "ለጋ ጉራቻ ነዋ፣ ጥቁር ወንዝ ማለት ነው" አለኝ። አያቴ አንድ ቃል ኦሮምኛ አትችልም፣ የምትጠራው ስም ግን ኦሮምኛ ነው! ወሎ እንደዚህ ነው፣ ለጋምቦ፣ ለገሂዳ፣ ወረኢሉ፣ ቱሉ አውሊያ፣ ወንዝና ኮረብታ የሰየመው ሰው ቋንቋ ተናጋሪው ከተለወጠም በኋላ አፍ ላይ ይቀራል። አንዳንዴ ደግሞ ስሙ ራሱ ይቀየራል፣ ደሴም እኮ ድሮ ላኮመልዛ ነበረች።

ከዛ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣውን የድሮውን 1 ለ50 ሺህ ካርታ ሰው ስካን አድርጎ ሰጠኝ፣ ሁለት ሴንቲሜትሩ አንድ ኪሎሜትር ስለሆነ ትንንሽ ወንዞች ሳይቀሩ አሉበት። ተንታ አካባቢ ሰኞ ገበያ የሚል አገኘሁ፣ ከሱ በታች ቀጭን ሰማያዊ መስመር፣ ስሟ "ጥቁር ውሃ"። ስሙን ተርጉመውታል! ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከደሴ ኩታበርን አልፈን ነው የሄድነው፣ እኔና አባቴ። ብርዱ ሌላ ነው፣ አባቴ መንገድ ላይ ብዙም አላወራም። ሰኞ ገበያ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ገብስ እያረሙ አገኘን፣ ስለ ጥቁር ውሃ ስንጠይቃቸው "እኛ ልጆች ሆነን ለጉራቻ ነበር የምንለው" አሉ። አባቴ እዛው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉት፣ የአባቱን ስም ሲነግራቸው አያቱንና ቅድመ አያቱን እሳቸው ጨረሱለት። ድሮ መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 የሕዝብ ነው ተብሎ እስኪታወጅ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ስለነበር እነዚህ ሰዎች ዘርና ማሳ አንድ ላይ ነው የሚያውቁት።

ማሳውን አሳዩን፣ አሁን ሌላ ቤተሰብ ያርሰዋል፣ እኛም ልንጠይቅ አልሄድንም።

አያቴ ጋ ደወልን። ሽማግሌው ስልኩን ተቀበሉና ሁለቱ ሰላምታውን ገና ሳይጨርሱ ማሳ መቁጠር ጀመሩ፣ ከጅረቱ ወዲህ ያለው ማን ይባላል፣ ከድንጋዩ በላይ ያለውስ፣ እሷ ስትሳሳት እሳቸው ያርማሉ፣ እሳቸው ሲረሱ እሷ ትሞላለች። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እጽፍ ነበር። 11 ስም ያዝኩ፣ ካርታው ላይ አንዱም የለም።