ንግሥት ሜሪ ማንን ነው ያቃጠለችው?

ጆአን ዌስት የደርቢ ልጅ ናት፤ መሃል እንግሊዝ ያለች ከተማ ነች። አባቷ ጸጉር ቆራጭ ነበር። ስትወለድ ጀምሮ ዓይኗ አያይም፤ እጇ ግን ሥራ አይፈታም። የእግር ሹራብ እየሠራች፣ ገመድ እየገመደች ራሷን ችላ ትኖር ነበር። ከለፋችበት ላይ ቆጥባ አዲስ ኪዳን ገዛች። እንግሊዝኛውን። ማንበብ ስለማትችል ሰው እየፈለገች ታስነብባለች። ዋናው አንባቢዋ በዕዳ የታሰረ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው። እሱ ጋ እስር ቤት ድረስ ትሄዳለች፣ እሱን ሲያመው ደግሞ ሌላ ሰው ፈልጋ አንድ ሁለት ሳንቲም ትከፍላለች። እንዲህ እያለች ብዙውን በቃሏ ያዘችው። ኦገስት 1 ቀን 1556 እዚያው ደርቢ ውስጥ በእሳት አቃጠሏት። ወደ እሳቱ እጇን ይዞ የወሰዳት ወንድሟ ነው። ጥፋቷ ምን ነበር? በቅዳሴ የሚቀርበው ኅብስት በእርግጥ የክርስቶስ ሥጋ ይሆናል የሚለውን አላምንም አለች። ዕድሜዋ 22 ነበር።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ወደኛ መቀየር ያሰኘው ሰባት ወይ ስምንት ይቀንስ።)

ስለ እንግሊዟ ንግሥት ሜሪ ቀዳማዊት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ቁጥሩ ነው። ከ1555 መጀመሪያ እስከ 1558 መጨረሻ፣ አራት ዓመት እንኳን ሳይሞላ፣ ወደ 280 የሚሆኑ ሰዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ተቃጥለዋል። ከ50 በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው። «ደም አፍሳሿ ሜሪ» የተባለችው በዚህ ነው፣ አይገባትም የሚል ካለ እኔ አልከራከርለትም። እኔን የሚይዘኝ ግን የጆአን ዕድሜ ነው። ከ1556 ላይ 22 ቀንሱ። 1534 ይመጣል። የሜሪ አባት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማው ጳጳስ ተቆራርጦ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ያደረገበት ዓመት ማለት ነው። ይቺ ልጅ በልጅነቷ ጳጳሱ ሲወገዝ እንጂ ሲከበር አልሰማችም። የላቲን ቅዳሴው እርግጥ ሄንሪ እስኪሞት አልተነካም፣ ግን ልብ ማወቅ በጀመረችበት በልጁ በኤድዋርድ ዘመን ቅዳሴውም ቀርቶ ጸሎቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆነ። ታዲያ ንግሥቲቱ «ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ» ስትል፣ ጆአን ወዴት ነው የምትመለሰው? እዚያ መቼ ነበረችና!

ሜሪ ራሷ ግን ነበረችበት። 1516 ነው የተወለደችው፣ እናቷ ስፔናዊቷ ካትሪን ናት፣ የአራጎን ንጉሥ ልጅ። እስከ አሥራ ምናምን ዓመቷ ድረስ የቤቱ ዕንቁ ነበረች። ከዚያ አባቷ ወንድ ልጅ አማረው፣ አን ቦሊንን ወደደ፣ ሮማ ጋብቻውን አላፈርስም ስትለው ጊዜ በ1533 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር አፈረሰለት። (ይህን ስም ያዙት።) በአንድ ጊዜ ካትሪን ሚስት አይደለሽም ተባለች፣ ሜሪም ዲቃላ ሆነች። ልዕልት የሚለው ማዕረጓ ተገፈፈ። ገና በጨቅላነቷ «ልዕልት» ከተባለችው ከእህቷ ከኤልሳቤጥ ቤት ገብታ እንድትኖር ተደረገ። እናቷን ከ1531 በኋላ በዓይኗ አላየቻትም፤ ካትሪን ታማ በ1536 ስትሞት እንኳን አልፈቀዱላትም። በዚያው ዓመት፣ በሃያ ዓመቷ፣ ብዙ ካስፈራሯት በኋላ አባቷ የቤተ ክርስቲያን የበላይ መሆኑንና የወላጆቿ ጋብቻ ሕገ ወጥ እንደነበር አምና ፈረመች። የሞተች እናቷን በፊርማዋ ካደች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ሁሉ ይህን ፊርማ ለመሰረዝ ይመስለኛል።

ሄንሪ ደግሞ ካቶሊክ ነው ፕሮቴስታንት ነው ብሎ መጠየቅ ራሱ ከንቱ ድካም ነው። ጁላይ 30 ቀን 1540 ስሚዝፊልድ፣ ለንደን ውስጥ፣ በአንድ ቀን ስድስት ሰው አስገደለ። ሦስቱ ፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ናቸው፣ መናፍቃን ተብለው ተቃጠሉ። ሦስቱ ካቶሊክ ካህናት ናቸው፣ የንጉሡን የበላይነት ባለመቀበላቸው ከሃዲ ተብለው ተሰቀሉና ተቆራረጡ። ወደ መገደያው ሲጎተቱም አንድ ካቶሊክ ከአንድ ፕሮቴስታንት ጋር እየተጣመረ ነው። ከሦስቱ ካቶሊኮች አንዱ ሪቻርድ ፌዘርስተን ይባላል፤ የሜሪ የልጅነት አስተማሪዋ ነበር። ይህን ሁሉ ያደረገው ሰውዬ ዛሬ የሚታወሰው በስድስቱ ሚስቶቹ ነው። ደም አፍሳሽ የሚል ቅጽል የተለጠፈው ልጁ ላይ ነው።

ወንድሟ ኤድዋርድ በ1547 በዘጠኝ ዓመቱ ሲነግሥ ነገሩ ወደ ፕሮቴስታንት ጠቅልሎ ሄደ። ምስሎች ተሰባበሩ፣ ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ፣ የክራንመር የጸሎት መጽሐፍ በ1549 ግዴታ ሆነ። ኮርንዎልና ዴቨን ውስጥ ገበሬው «የድሮ ቅዳሴያችንን መልሱልን» ብሎ ተነሳና በሺዎች አለቀ። ሜሪ ቤቷ ውስጥ ቅዳሴ ማስቀደሷን አልተወችም። እንደውም በ1551 ለንደን የገባችው ተከታዮቿን ሁሉ መቁጠሪያ አስይዛ ነው። ድፍረቷን እወድላታለሁ።

ጁላይ 1553 ኤድዋርድ በ15 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሁለቱንም እህቶቹን ከውርስ ሰርዞ ዘውዱን ለዘመዱ ለጄን ግሬይ ሰጠ። ከጀርባ ያለው የኖርዘምበርላንዱ መስፍን ነው፤ ልጁን ለጄን አጋብቷታል። ለንደን፣ ግምጃ ቤቱ፣ መድፉ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ነው። ሜሪ ወደ ምሥራቅ ሸሽታ ፍራምሊንግሃም ግንብ ገባች። ማንም ያሰበ የለም፣ የአገሩ ሰው ግን እየተመመ ወደ እሷ ሄደ። ከእነሱ መካከል ፕሮቴስታንቶችም ነበሩ፤ የሄንሪ ልጅ ናት፣ መብቷ ነው አሉ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ጁላይ 19 ለንደን ውስጥ ደወሉ ተደወለ፣ በየመንገዱ ደመራ ነደደ። እንግሊዝ ውስጥ ዘውድ ጭና በራሷ ሥልጣን የገዛች የመጀመሪያዋ ሴት እንዲህ ባለ እልልታ ነው የገባችው።

ችግሩ ይህን እልልታ የተረዳችበት መንገድ ነው። ሕዝቡ የደገፈው የንግሥና መብቷን ነበር፣ እሷ ግን ለሃይማኖቷ የተሰጠ ድጋፍ፣ የእግዚአብሔርም ምልክት አድርጋ ወሰደችው። መጀመሪያ ላይ «ለጊዜው ማንንም አላስገድድም» ብላ ነበር። ከዚያ ስፔናዊውን ፊሊፕን አገባለሁ አለች፤ ሲጋቡ እሱ 27፣ እሷ 38። በዚህ ተቆጥቶ ቶማስ ዋያት ከኬንት ጦር ይዞ ለንደን በር ድረስ ደረሰ። አመፁ ከሸፈ፣ ምንም ያላደረገችው ጄን ግሬይም በዚህ ሰበብ አንገቷ ተቀላ። ልጅ እግር ነበረች፣ ሃያ እንኳን አልሞላትም።

አሁን አንጀቴን ወደሚያሳርረኝ ነገር ልምጣ። ሄንሪ ወደ ስምንት መቶ የሚሆኑ ገዳማትን ዘግቶ መሬታቸውን ሸጦታል። የገዙት መኳንንቱና ባለጸጎቹ ናቸው፣ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም። ሜሪ አገሩን ወደ ሮማ ልመልስ ስትል ፓርላማው የፈራው ስለ ነፍሱ አልነበረም። «መሬታችንስ?» ነው ያለው። ከሮማ የመጣው ካርዲናል ሬጂናልድ ፖል የቤተ ክርስቲያን ንብረት መመለስ አለበት ባይ ነበር፣ ግን አልተሳካለትም፤ ጳጳሱ መሬቱ ከያዙት ሰዎች እጅ እንዳይወጣ ፈቀደ። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ኖቬምበር 30 ቀን 1554 ፓርላማው ተንበርክኮ ካርዲናሉ የፈታው፣ መናፍቅን የሚያቃጥለው የድሮ ሕግም እንደገና የጸደቀው። መሬት ያለው ተንበርክኮ ተነሳና ወደ ርስቱ ተመለሰ። ልብ በሉ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከነፋሱ ጋር የዞሩት እነዚህ ሰዎች አንዳቸውም በእምነቱ አልተቃጠለም ለማለት ይቀላል። የተቃጠለው ሸማኔ ነው፣ ገበሬ ነው፣ የእጅ ባለሙያ ነው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከጥቂት ጳጳሳትና ሰባኪዎች ሌላ አብዛኛው እንዲህ ነው፣ ብዙውም ወጣት።

የመጀመሪያው ጆን ሮጀርስ ነው፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1555፣ ስሚዝፊልድ። ካህን ነው፣ ግን ሚስትና ብዙ ልጆች አሉት። ወደ እሳቱ ሲሄድ ቤተሰቡ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። የመንግሥት ሰዎች ስሌት ጥቂቶችን ስናቃጥል ሌላው ፈርቶ ይመለሳል የሚል ነው። ሕዝቡ ግን ዳር ቆሞ አለቀሰ፣ አንዳንዱ ለሟቹ ጮኸለት። የሚገርመው፣ ተው ካሉት መካከል ስፔኖቹ ራሳቸው አሉበት። የፊሊፕ አባት የንጉሠ ነገሥቱ የካርሎስ አምባሳደር ሕዝቡ ያምፃል ብሎ ለፊሊፕ ጻፈ፤ የፊሊፕ መነኩሴም ቤተ መንግሥት ውስጥ ቃጠሎውን ተቃውሞ ሰበከ። አልተሰማም። በ1556 ስትራትፎርድ ላይ በአንድ ቀን 13 ሰው ተቃጠለ።

የክራንመር ነገር ግን ለብቻው ነው። የእናቷን ጋብቻ ያፈረሰው ሰው በእጇ ገባ። ኦክስፎርድ አስረው፣ ጓደኞቹ ላቲመርና ሪድሊ ሲቃጠሉ እንዲያይ አድርገው፣ ቢፈራ ጊዜ ደጋግሞ ፈረመላቸው፤ ጳጳሱን ተቀብያለሁ፣ ተሳስቼ ነበር አለ። በልማዱ የተጸጸተ ሰው ከእሳት ይተርፋል። ለካቶሊኮቹም ከዚህ የበለጠ ድል የለም፣ የፕሮቴስታንቶቹ ዋና ሰው በሕይወት ቆሞ ስለ ስህተቱ እየሰበከ ቢዞር ምን ያህል ሰው ይከተለው ነበር! ሜሪ ግን ይቃጠል አለች። እዚህ ላይ ንግሥቲቱ ወጥታ የካትሪን ልጅ ብቻዋን የቀረች ይመስለኛል። ማርች 21 ቀን 1556 ሕዝብ ፊት የመጨረሻ ኑዛዜውን እንዲያነብ አቆሙት። እሱ ግን የፈረምኩትን ሁሉ ክጃለሁ አለ። ከመድረኩ ጎትተው አወረዱት። እሳቱ ሲያያዝ የፈረመበትን ቀኝ እጁን አስቀድሞ ነበልባሉ ውስጥ ከተተ። ሁለቱም፣ እሱም እሷም፣ በፍርሃት በፈረሙት ወረቀት ሲቃጠሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

የቀረው ሀዘን በሀዘን ነው። በ1555 አረገዝኩ ብላ አገር ሙሉ ጠበቀ፣ ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ ለንደን ደወል ተደወለ፤ ልጅ ግን አልነበረም። ፊሊፕ ወደ አገሩ ጉዳይ ሄደ። አዝመራው ከዳ፣ ወረርሽኝ ገባ፣ ለፊሊፕ ጦርነት ሲባል በጃንዋሪ 1558 ካሌ ከእጅ ወጣች፤ ፈረንሳይ ውስጥ የቀረቻቸው የመጨረሻ መሬት ነበረች። ኖቬምበር 17 ቀን 1558 ሜሪ በ42 ዓመቷ ሞተች፣ ካርዲናል ፖልም በዚያው ቀን፣ ከሰዓታት በኋላ ተከተላት።

ከዚያ ኤልሳቤጥ መጣች፣ ስደት የነበሩትም ተመለሱ። ጆን ፎክስ በ1563 የሟቾቹን ታሪክ ከነሥዕሉ አሳተመ፤ የጆአንንም ታሪክ ያገኘነው ከእሱ ነው። በኋላ መጽሐፉ በየካቴድራሉ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ፎክስ ወገንተኛ ነው፣ ግን ሬሳ አልፈጠረም። የኤልሳቤጥ ሬሳዎች ናቸው እንደ እሱ ያለ ጸሐፊ ያላገኙት። ከመቶ በላይ ካቶሊክ ካህናት ተገድለዋል፣ ክሳቸው ኑፋቄ ሳይሆን ክህደት ስለተባለ ብቻ ሌላ መዝገብ ውስጥ ገቡ። ዮርክ ውስጥ ማርጋሬት ክሊዘሮ የምትባል የሥጋ ነጋዴ ሚስት ካህናት ደብቀሻል ተብላ በ1586 አስተኝተው የበር ሳንቃ ከላይዋ አድርገው ድንጋይ ጭነው ገደሏት። እሷም ካቶሊክ የሆነችው ካደገች በኋላ ነው። የግዳጅ ነገር ሁሌም እንዲህ ያለችውን እየፈለገ ያገኛል።

ለማንኛውም፣ «ሜሪ አገሩን ወደ ሮማ ለመመለስ ከመነሻው ተስፋ አልነበራትም» የሚሉትን አልስማማም። የማነሳው አንድ ማስረጃ አለኝ። በሄንሪ ጊዜ የንጉሡን የበላይነት ማሉ ሲባሉ ከጳጳሳቱ ሁሉ እስከ ሞት እምቢ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ የሮቸስተሩ ጆን ፊሸር፣ በ1535 አንገቱ ተቆረጠ። በ1559 ኤልሳቤጥ ያንኑ ማሉ ስትል ደግሞ የሜሪ ጳጳሳት ከአንድ በስተቀር እምቢ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። የማለው አንቶኒ ኪችን ይባላል፣ የዌልሱ ላንዳፍ ጳጳስ፤ በሄንሪም በኤድዋርድም በሜሪም ዘመን ሳይነካ ያለፈ ሽማግሌ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በ1563 ሞተ።