ከኩር እስከ ሮም በቀርፋፋው ባቡር

አውሮፓን በባቡር ማየት ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። አልፕስን እስክትሻገሩ ድረስ ፈጣኑን ባቡር ተዉት። ቀርፋፋውን ያዙ።

ባለፈው ነሐሴ እኔ ከፍራንክፈርት፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከስቶክሆልም መጥተን ዙሪክ ተገናኘን። ሐሳባችን እስከ ሮም በሀዲድ መውረድ ነበር። ሁለታችንም አውሮፓ ነዋሪ ስለሆንን ኢንተርሬይል የሚባለውን ትኬት ገዛን። ከኢትዮጵያ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ተመሳሳዩ ትኬት ዩሬይል በሚል ስም ይሸጣል። ስልካችሁ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ የጉዞ ቀናችሁን ትመርጣላችሁ፣ በዚያ ቀን እንደፈለጋችሁ ትወጣላችሁ ትወርዳላችሁ።

የጉዞው እምብርት ከስዊዘርላንዷ ኩር እስከ ጣሊያኗ ቲራኖ ያለው፣ ቀያይ ባቡሮች የሚሄዱበት መስመር ነው። ከዚህ ውስጥ ከቱሲስ እስከ ቲራኖ ያለውን እ.ኤ.አ. በ2008 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቱሪስቱ የሚሽቀዳደመው ቤርኒና ኤክስፕረስ ለሚባለው ባለ ትልልቅ መስታወት ባቡር ነው። እሱ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝና ተጨማሪ ክፍያ ይፈልጋል። ተራው ባቡር ግን በዚያው ሀዲድ ላይ ይሄዳል፣ ተጨማሪ አይጠይቅም፣ መስኮቱ የሚከፈት ፉርጎም ታገኙበታላችሁ። ተራራውን አየሩን እየሳቡ ማየት ከመስታወት ጀርባ ከማየት በብዙ ይበልጣል። እኛም ተራውን ያዝን።

ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ምድር ባቡር ውስጥ ነው፣ መካኒክ ነበሩ። ስለዚህ እሱ ጣቢያ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ሀዲዱን ነው። ኩር ላይ ቁጢጥ ብሎ አየና፣ «አቦ፣ ይሄ እኮ የኛው ነው! አንድ ሜትር ነው ስፋቱ» አለኝ። እውነቱን ነው። የድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ ሀዲድም ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ጠባብ ሀዲድ በጠባብ ቦታ ይታጠፋል፣ ዋሻውና ድልድዩም አነስ ብሎ ስለሚሠራ ወጪው ይቀንሳል። ለተራራ አገር የሚመረጠው ለዚህ ነው። የኛን ባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ስዊዘርላንዳዊ ነበር። መስመሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ጓደኛዬ ይሄን ሁሉ በቃሉ ነው የሚያወራው፣ ከአባቱ የሰማውን።

ከኩር ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ከፊሊሱር ቀደም ብሎ የላንድቫሰር ድልድይ ይመጣል። በድንጋይ የተሠራ፣ ስድስት ቅስት ያለው፣ 65 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ ነው። ባቡሩ ድልድዩ ላይ እየታጠፈ ስለሚሄድ ከኋላ ፉርጎ ሆናችሁ የፊቱን ታያላችሁ። የድልድዩ ጫፍ ቀጥ ያለ ገደል ላይ ያርፋል፣ የዋሻው አፍም እዚያው ገደሉ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲንጫጫ ድንገት ጨለመ። ዋሻው ውስጥ ገብተናል።

ከዚያ ወዲያ ከቤርግዩን መንደር እስከ ፕሬዳ ያለውን ዳገት ባቡሩ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። ከፍታው ከ400 ሜትር በላይ ነው። ሀዲዱ ተራራው ውስጥ እየገባ ክብ ሠርቶ ከፍ ብሎ ስለሚወጣ፣ ያው መንደር አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ በኩል ይታያል፤ በየጊዜውም እያነሰ።

ሳንክት ሞሪትዝ ላይ ባቡር ቀየርን። የሀብታም ከተማ ናት፣ ቡናዋን ሳንቀምስ የያዝነውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን አለፍናት።

የመስመሩ ከፍተኛው ቦታ ኦስፒዚዮ ቤርኒና ነው፣ 2,253 ሜትር። አዲስ አበባ ከዚህ ትበልጣለች! እኛ አገር በዚያ ከፍታ ባህር ዛፍ ይበቅላል፣ እዚህ ግን በነሐሴ በረዶ ከተራራው ላይ ፊት ለፊት ይታያል። እዚያ ያለው ሐይቅ አጠገብ ውሃው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ወደ ሰሜን የሚወርደው በዳኑብ በኩል ጥቁር ባህር ይገባል፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ በፖ ወንዝ አድርጎ አድሪያቲክ ይደርሳል። እዚህ ወርዳችሁ ቀጣዩን ባቡር ጠብቁ፣ አትቸኩሉ።

ከዚያ ቁልቁለት ነው። ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ ከ1,800 ሜትር በላይ ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ እስከ 7 ሜትር የሚያዘቀዝቅበት ቦታ አለ፣ ያውም ባለ ጥርስ ሀዲድ ሳይኖረው። ጓደኛዬ መስኮቱን ከፍቶ ስልኩን ወደ ውጭ አውጥቶ የመንኮራኩሩን ድምፅ ቀዳ። ለአባቱ ላከላቸው፣ የት እንዳለን ግን አልነገራቸውም። መልሳቸው በድምፅ መጣ፦ «ፍሬን ይዟል። ቁልቁለት ላይ ናችሁ፣ ደግሞም ጥምዝ አለው።» ጓደኛዬ ደጋግሞ አዳመጠው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ብሩዚዮ ላይ ባቡሩ ሜዳ ላይ በተሠራ ክብ ድልድይ ይዞራል፣ ዞሮም በራሱ ድልድይ ቅስት ስር ያልፋል። ቁልቁለቱን ለማስረዘም የተሠራ ነው። ቲራኖ ሲገባ ደግሞ ሀዲዱ የመኪና መንገድ ላይ ይወጣል። ባቡሩ ከመኪና ጋር እየተጋፋ በእመቤታችን ባዚሊካ ደጅ ያልፋል። ጓደኛዬ የፍልሰታን ጾም ይዞ ነበር፣ ከመቀመጫው ተነስቶ አማተበ። «እመብርሃን እዚህም ተቀበለችን» አለ። የአካባቢው ምግብ ፒትሶኬሪ በቅቤና በቺዝ የተለወሰ ፓስታ ስለሆነ እሱ በዳቦና በቲማቲም አለፈ። እኔ በላሁት፣ ግሩም ነው።

ከቲራኖ ሚላኖ ያለው መንገድ የኮሞን ሐይቅ ዳር ይዞ ይወርዳል። ከሚላኖ በኋላ ግን በፈጣኑ ተሳፈሩ። በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሮም ያደርሳችኋል። ቦታ ማስያዝ ግዴታ ነው።

ሮም ላይ ኮሎሲየሙንም ቫቲካኑንም አየን፣ ስለነሱ ብዙ ተጽፏል። አበሻ ተርሚኒ ጣቢያ ሲወርድ ሊያየው የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የተሰየመው በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ የጣሊያን ወታደሮች ነው። መታሰቢያ ሐውልታቸውም ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ፋሺስቶች አዲስ አበባ ለገሃር ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ያመጡት እዚህ ሐውልት ስር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘውም እዚሁ ነው። አንበሳው ዛሬ ለገሃር ቦታው ላይ ነው። ጓደኛዬ ቦታውን እያየ፣ «ከባቡር ጣቢያ አንስተው ባቡር ጣቢያ አመጡት» አለ። ሁለታችንም ደማችን ፈላ።

ከዚያ ፖርታ ካፔና ሄድን። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር። 160 ቶን ገደማ የሚመዝነው ድንጋይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን አገሩ ገባ። ቦታው ላይ አሁን ለሌላ መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ግን ሐውልቱ እዚያው ነበር። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነት ጨምሮ ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎት ሄደ። ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። መሽቶ ስለነበር መንገዱ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ እኛም ሲመሽ በእግራችን ሄድነው። አጭር ነው፣ ግራና ቀኙ ጥድ ነው።

አበበ የሮጠበት ቀን ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ስለዚህ ይህን ጉዞ ለምታስቡ፣ ከነሐሴ ይልቅ ጳጉሜን ምረጡ። የሮም ሙቀት ጋብ ይላል፣ ፍልሰታም ይፈታል። ኩርን በጳጉሜ 2 ወይም 3 ብትለቁ ለዋዜማው ሮም ትደርሳላችሁ። የሚላኖ ሮም መቀመጫችሁን ቀድማችሁ ያዙ፣ የአልፕሱን ግን ማስያዝ አያስፈልጋችሁም።