ጊሽጣችሁ አብቦ ብቻ ለሚቀርባችሁ

መሃል ከተማ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ግቢ ውስጥ ጊሽጣ በአበባ ተሞልቶ በሳምንቱ ሲያራግፈው ሰው ሁሉ የሚያዘው ማዳበሪያ ነው። የወረዳችን ባለሙያም ዛፉን ቀና ብሎ ሳያይ ዩሪያ አዘዘልኝ። ዩሪያ ቅጠል ያበዛል እንጂ ፍሬ አያስቋጥርም። የጎደለው የአበባ ዱቄት ነው።

የጊሽጣ አበባ ወንዴም ሴቴም ነው፤ ጊዜያቸው ግን አይገጥምም። መጀመሪያ ሴቴ ሆኖ ጫፉ ላይ ገርበብ ይላል፤ በማግስቱ አመሻሽ ወንዴ ሆኖ ወለል ብሎ ይከፈታል። በትውልድ አገሩ በላቲን አሜሪካ ሁለቱን የሚያገናኙት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። ንብ ለዚህ አትሆንም፤ በገርባባው በኩል አትገባም። ስለዚህ እኔ በብሩሽ ነው የማዳቅለው።

ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ወለል ያሉትን አበቦች ልቀሙ፣ በማግስቱ ጠዋት ገርበብ ያሉትን ቀቡ። ሥራው ይኸው ነው፤ የሚበላሸው ሌሊቱን ነው። «አሽጋችሁ ፍሪጅ አስገቡ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ትኩስ አበባ እርጥብ ነው፤ በተዘጋ ብልቃጥ ወይም በፌስታል ሲያድር ያልበዋል፣ ዱቄቱም ተጓጉሎ ብሩሽ ላይ አይይዝም። ወረቀት ላይ በትኑትና ክፍል ውስጥ ይደር። በአበባው መሃል ያሉት፣ ነጭ የነበሩት ጥቃቅን ዘንጎች ወደ ቡናማ ግራጫ ሲዞሩ ወረቀቱን መታ መታ አድርጉት፤ ዱቄቱ ይራገፋል። ነጭ እንደሆኑ ከቀሩ አልደረሱም፤ አትድከሙ። በዚያው ጠዋት ተጠቀሙበት፣ የሰነበተ ዱቄት አይታመንም።

ስትቀቡ የአበባውን ቅጠሎች በጣት ፈልቀቅ አድርጉ። መሃል ያለችው ትንሽ ሾጣጣ የምታብለጨልጭና የምትጣበቅ ከሆነች ትቀበላለች፤ ደርቃ ከጠቆረች አልፏታል። በደረቁ ወራት የአዲስ አበባ ፀሐይና ንፋስ ቶሎ ስለሚያደርቃት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትጨርሱ ይሻላል። ብሩሹን ዙሪያዋን አሽከርክሩት፤ አንዴ ነካ ማድረግ አይበቃም። ሾጣጣዋ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ናት፣ እያንዳንዱም ለየብቻው ዱቄት ካላገኘ አያብጥም። ገበያ ላይ አንድ ጎኑ ጎድጉዶ የምታዩት ጊሽጣ በዚያ በኩል ዱቄት ያልደረሰው ነው እንጂ በሽታ አይደለም።

ሁሉንም አትቀቡ። ፍሬው ከባድ ነው፤ ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ከያዘ ይሰብረዋል። ወፍራሙ እንጨት አጠገብ ያሉትን ምረጡና ቀይ ክር እሰሩባቸው። ክር ከሌላቸው ስንቱ በራሱ እንደያዘ ስትቆጥሩ ብሩሹ የሠራውን ታውቃላችሁ፤ እኔ ለዩሪያ ወዳጆች የማሳየው ይህንኑ ነው። ፍሬው እስኪደርስ ከ5 እስከ 8 ወር ይፈጃልና ክሩ ዝናብ የሚችል ይሁን።